ብርድ በጆሮ ይገባል

መጋረጃውን ዳርና ዳሩን በልብስ መቆንጠጫ ይዤዋለሁ፤ ብርሃን ግን ይሉኝታ የለውም፣ ከታች በኩል ሾልኮ ይገባና ግድግዳው ላይ ይጋደማል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ስሠራ አድሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ መተኛት አለብኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ውስጥ እገባለሁ፤ ሳይተኙ ቀዝቃዛ ውሃ መግባት እብደት ነው ብሎኛል ስዋኝ በጀልባ የሚጠብቀኝ ሰው፣ ጥርስ ነቃዩ፤ እና ተኚ፣ ተኚ እላለሁ ለራሴ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ ልጁም እኔ፣ አባባዩም እኔ። ከላይ የሚኖረው ጎረቤቴ ወንበር ይጎትታል። ይጎትታል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጎትታል፤ ወንበሩን የት ሊያደርሰው እንደሆነ አንድ ቀን ወጥቼ እጠይቀዋለሁ። ስልኬ ትራሴ ስር ነው። እንዳይጮኽ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፤ አጥፍቼው ደግሞ በየመሃሉ እያወጣሁ አየዋለሁ፤ እንዲህ ከሆነማ ለምን አጠፋሁት? እፈራለሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ስም አላወጣለትም። ውሃውን እፈራለሁ፤ ስልኩን ደግሞ ከውሃው አብልጬ እፈራለሁ።

እናቴ ስልክ ላይ መምጣት ከተወች ሰነባበተች። የምታነሳው ታላቅ እህቴ ናት፤ አገር ቤት ከእማዬ ጋር የምትኖረው እሷ ናት፤ ስልኩ ድሮም በእሷ እጅ ነው፣ ግን ድሮ ገና ሃሎ ሳልል እማዬ ከኋላ ‹‹እሷ ናት? አምጪው፣ አምጪው እንጂ!›› ስትል ይሰማኝ ነበር። አሁን ከኋላ የሚሰማ ነገር የለም። ‹‹እማዬስ?›› እላለሁ። ‹‹ደህና ናት፣ ተኝታለች።›› ሌላ ቀን፣ ‹‹ደህና ናት፣ ለቅሶ ሄዳለች።›› ሌላ ቀን ደግሞ፣ ‹‹ደህና ናት፣ ብርድ መቷት ድምጿ ተዘግቷል፣ ሐኪሙ እንዳትናገር ብሏታል።›› እማዬ! አትናገሪ ተብላ ዝም የምትል! ሐኪሙን ራሱን ‹‹አንተ ልጅ ከስተሃል፣ ለመሆኑ ምሳ ትበላለህ?›› ብላ ይዛው የምትውል ሴት ናት። እሱን ሁሉ ልመን፤ ሰው እናትህ ደህና ናት ሲባል ካላመነ ምን ሊያምን ነው? የማላምነው የእህቴን ድምፅ ነው። እህቴ ስትወደኝ እንኳን እየጮኸች ነው፤ ልጅ ሆነን ፀጉሬን ስትሠራኝ በማበጠሪያው እየኮረኮመችኝ ነበር፤ አሁን በለሆሳስ ታናግረኛለች፤ ባለፈው ደግሞ ‹‹በርቺ እሺ፣ የኔ ቆንጆ›› ብላ ዘጋችው። የኔ ቆንጆ! ከተወለድኩ ጀምሮ ቆንጆ ብላኝ አታውቅም። ስልኩን ይዤ መሃል ክፍሉ ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ብርድ መቷት፣ አለች። ከሰበብ ሁሉ ይህን መምረጧ ነው የሚያስፈራኝ፤ እኛ ቤት ብርድ ቀልድ አይደለም። እማዬ ዘንድ በሽታ ሁሉ ብርድ ነው፤ ሆድ ቁርጠቱም ብርድ፣ የጥርስ ሕመሙም ብርድ፤ የጎረቤት ልጅ ፈተና ሲወድቅ እንኳን ‹‹ግንባሩን ብርድ መቶት ነው›› ብላለች። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ለእሷ ጠላት ነው፤ ‹‹ዝጋው እባክህ፣ ልጅ ይዣለሁ›› ትለዋለች፣ ልጁ እኔ ነኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ላብ ይዞሽ በር ላይ አትቁሚ፣ ታጥበሽ አትውጪ፣ በሁለት መስኮት መሃል አትቀመጪ። መጨረሻ ያናገረችኝ ቀን ከሐይቁ እየተመለስኩ ነበር፤ ፀጉሬ ርጥብ ነው፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ነፋሱ ያፏጫል፣ እና ሰማችው። ‹‹ምንድነው እሱ የሚጮኸው?›› ‹‹ነፋስ ነው እማዬ።›› ‹‹ውጪ ነሽ እንዴ? ጆሮሽን ሸፍኚ፤ ብርድ እኮ በጆሮ ነው የሚገባው። ሸፈንሽ?›› ‹‹ሸፈንኩ።›› አልሸፈንኩም ነበር። ኮፍያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ማውጣቱ ታከተኝ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ተኝቼ ሳስበው እኔ የገባሁበት ብርድ በስልኩ አልፎ እሷን የመታት ይመስለኛል።

ስለ ውሃ ዋናው አልነገርኳትም። ምን ብዬ? እማዬ፣ ዛፉ ገና ቅጠል ሳያወጣ ሐይቅ ውስጥ እገባለሁ፣ መሐረብ በምታህል ልብስ? ‹‹ስፖርት እሠራለሁ›› ነው ያልኳት፤ ‹‹ጎሽ፣ ላብሽን ቶሎ ጥረጊ›› አለችኝ። ነገሩ የጀመረው በወገቤ ነው። የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ርጥብ አንሶላ ከጋሪ እየሳብኩ መተኮሻ ማሽኑን አጎርሳለሁ፤ ማሽኑ በቃኝ አያውቅም፣ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል፣ ወለሉ ይግላል፤ ከእኔ ማዶ የምትቆመው ሴት አንሶላውን በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል እንወጥረዋለን፣ እንደዚህ ሆነን ይነጋል። ወገቤ ሲቆረጥ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ ዋኚ አለኝ። መዋኛ ገንዳ ገባሁ፤ እየተማርኩ፣ ውሃ እያነቀኝ፣ ወገቤም ቀለል እያለኝ ሳለ ገንዳው ለጥገና ተዘጋ። እዚያ የማውቃቸው ሰዎች ‹‹እኛ ሐይቅ ነው የምንሄደው፣ ነይ አብረን›› አሉኝ፤ እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም፤ በዚህ ይሉኝታዬ አንድ ቀን ገደል እገባለሁ ስል ሐይቅ ገባሁ።

ጥርስ ነቃዩን ያወቅሁት እዚያ ነው። ጡረታ የወጣ ጥርስ ሐኪም ነው፤ ስሙን ነግሮኛል፣ ግን ምላሴ አይሸከመውም፤ በልቤ ጥርስ ነቃዩ እለዋለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ የሚለማመዱትን በጠባብ ጀልባው አጠገባቸው እየቀዘፈ የሚጠብቅ እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን እግሬን ነከርኩና ጮኼ ወጣሁ። አልሳቀብኝም። ‹‹ውሃው ሲነካሽ ትንፋሽሽ ይሸሻል፣ ልብሽ ይደልቃል፤ ያኔ ለመዋኘት አትታገዪ። ቁሚና አየሩን አስወጪ፤ ማስገባቱን ተዪው፣ እሱ ራሱ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሰጥመው በብርዱ አይደለም፣ በድንጋጤው ነው›› አለኝ። ቤቴ ገብቼ ቀዝቃዛ ሻወር ስር ቆሜ አየር ሳስወጣ ሰነበትኩ፤ ጎረቤቴ ከላይ ሆኖ ይህቺ ሴት ምን ታደርጋለች ሳይል አይቀርም። በሚቀጥለው እስከ ወገቤ፤ ከዚያ የእጄን አንጓ፣ ከዚያ ማጅራቴን፣ መጨረሻ ላይ ፊቴን። ፊት ነው የሚከብደው፤ ግንባርሽን የሆነ ሰው በጥፊ የመታሽ ይመስላል። ግን ለመድኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ፣ እኔንም እያሳሳቀ ወሰደኝ፤ ትንሽ፣ ከዚያ ራቅ፣ ከዚያ ራቅ። ማዶ ነጭ የውሃ ታንከር ይታያል፤ በበጋው መጨረሻ እስከዚያ የሚሻገሩ ሰዎች አሉ፣ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ዋና ነው፤ ‹‹አንቺም ትችያለሽ›› አለኝ። መሻገር የፈለገ ሰው ግን አስቀድሞ በዚህ በብርዱ ወራት ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆይቶ መታየት አለበት። ዛሬ የእኔ ቀን ነው። ለምን ትሻገሪያለሽ ብትለኝ እማዬ፣ እዚያ ማዶ ምን አለሽ ብትለኝ፣ ምንም። ውሃ ውስጥ ስልክ የለም፣ እሱ ነው። ጭንቅላቴን ስነክር ማንም ምንም ሊነግረኝ አይችልም።

ሁለት ሕግ አለው ጥርስ ነቃዩ። አንደኛው ብቻሽን አትግቢ ነው። ሁለተኛው የጥያቄ ሕግ ነው። ብርድ መጀመሪያ ጣትን ይወስዳል ይላል፣ ቀጥሎ ምላስን፣ ቀጥሎ አእምሮን፤ ክፉው መንቀጥቀጡ አይደለም፣ መንቀጥቀጡ ቆሞ ‹‹ሞቀኝ›› ስትዪ ነው። ስለዚህ ዋናተኛን ደህና ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ‹‹ዕድሜ ልኬን አፋቸውን ከፍተው አያመኝም ከሚሉኝ ሰዎች ጋር ነው የኖርኩት፤ ደህና ነኝ የሚል ሰው አላምንም።›› እኔ ደግሞ! ገና ‹‹እንዴት…›› ሳይል ከንፈሬ ጠቁሮ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ ‹‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን››። እኛ ዘንድ ደህና ማለት መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው፤ የሚሞት ሰው እንኳን እንዴት አደርክ ሲባል መጀመሪያ ደህና ይላል፣ ከዚያ ነው የሚሞተው። ‹‹አፍሽ ብቻውን የማይመልሰው፣ ካሰብሽ ግን የማትስቺው ጥያቄ ስጪኝ›› አለኝ። እናትሽ መጨረሻ ላይ ምን አለችሽ ብለህ ጠይቀኝ፣ አልኩት። ‹‹መልሱስ?›› ጆሮሽን ሸፍኚ። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ገና ባለፈው ሳምንት ያለችኝ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነገር ትለኛለች፣ ያኔ መልሱን እንቀይራለን አልኩት። አልተቀየረም።

በጎኔ ዞርኩ። ወንበሩ ጸጥ ብሏል። እንቅልፍ የመሰለ ነገር ሲመጣ አገር ቤት የነበረው ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ይዞት ይመጣል። ሞቷል፤ ድንኳኑ ደጃችን ድረስ ተተክሏል፤ አንድ ልጁ ውጭ አገር ነው፣ ብቻውን፤ ያኔ በሰፈሩ ስልክ ያለው እኛ ቤት ነውና ልጁ ደወለ። እማዬ ጥቁር ለብሳ፣ ዐይኗ አብጦ፣ ስልኩን አነሳችና ‹‹ደህና ናቸው ልጄ፣ ተኝተዋል›› አለችው። እኔ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። ስልኩን ዘጋችው። ‹‹ለምን ዋሸሽው?›› አልኳት። ‹‹ለብቻው ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ቆሞ ሰምቶ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል?›› እንዲህ ሆኖ ወራት አለፈ፤ ልጁ ይደውላል፣ እማዬ አባቱን ታስተኛለች፤ በመጨረሻ እዚያ አገር የእኛ ሰዎች ተፈልገው ተገኙ፣ ቤቱ እንዲሄዱ ተነገራቸው፤ በዚያ ቀን ሲደውል እማዬ ስልኩን ይዛ ቀስ ብላ ‹‹አጠገብህ ማን አለ?›› አለችው። ሰው አለ ሲላት ነው የነገረችው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ‹‹አጠገብሽ ማን አለ›› የተባለ ሰው ቆሞ አይሰማም፣ ይቀመጣል።

እኔ አጠገብ ማንም የለም። በዚህ ከተማ ቋንቋዬን የሚናገር አንድ ሰው አላገኘሁም፤ እህቴ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ አጠገብሽ ማን አለ ብላኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝስ? ማንም ነው የምላት። ማንም ካልኳት ደግሞ እማዬ ተኝታለች ትለኛለች፣ ነገም ተኝታለች፣ የዛሬ ዓመትም ተኝታለች። እና ይህን ማሰቤ ያሳፍረኛል፣ ትራሴ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ነው የማስበው፤ ብቻዬን እስከሆንኩ ድረስ እናቴ ደህና ናት። ማሽኑ ጋ ከማዶዬ የምትቆመው ሴት ቤቷ ጠርታኛለች፣ ደጋግማ፣ ልጆቼን እዪልኝ እያለች፤ አልሄድኩም። ደክሞኛል እላለሁ። ውሸቴን ነው። አንድ ሰው ካለኝ፣ ለአንድ ቀን እንኳን አጠገቤ ሰው ካለ፣ የሚጠብቀኝ ነገር መንገድ ያገኛል። ሰው ካልቀረበኝ እሱም አይቀርበኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትላለች እማዬ። ትላለች፣ አልኩ። ትል ነበር አላልኩም።

አልተኛሁም። ተነስቼ መቆንጠጫዎቹን ነቀልኩ፣ ብርሃኑ እንደ ባለቤት ገባ። የዋና ልብሴን ከስር ለብሼ፣ ከላይ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ ፎጣና ፔርሙዝ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ አልደውልም ብዬ ከማልኩ በኋላ ደወልኩ። ‹‹ደህና ነሽ?›› ‹‹ደህና ነኝ፣ አንቺስ?›› ‹‹ደህና። ልጆችሽስ?›› ‹‹ደህና ናቸው።›› እንዲህ እየተባባልን ዙሪያውን እንሄዳለን፣ መሃሉን አንረግጥም። ‹‹እማዬስ?›› ‹‹ደህና ናት፣ ተኝታለች።›› ‹‹በቀን?›› ‹‹ጋደም ብላ ነው። በልተሻል?›› ‹‹በልቻለሁ።›› አልበላሁም። ‹‹አሁን ምን ልታደርጊ ነው?›› ‹‹ልተኛ ነው።›› ‹‹ተኚ፣ ተኚ የኔ ቆንጆ።›› ሁለታችንም ዋሽተን ዘጋነው።

ሐይቁ ዛሬ የእቃ ማጠቢያ ውሃ ይመስላል። ሌሎቹ ዋናተኞች አልመጡም፣ ነፋሱን አይተው ቀርተዋል፤ ጥርስ ነቃዩ ብቻ ጀልባውን ዳርቻው ላይ ይዞ ይጠብቃል። ‹‹ተኝተሻል?›› አለኝ። ‹‹አዎ።›› ዐይኔን አየኝ፣ ጥርስ እንደሚያይ ጠጋ ብሎ፤ ከዚያ ጀልባውን ወደ ውሃው ገፋ። እገባለሁ። ቁርጭምጭሚቴ፣ ጉልበቴ፣ ሆዴ ላይ ሲደርስ የምጮኸውን ድምፅ ዋጥኩት፤ ቁሚ፣ አስወጪ፣ አስወጪ፤ ትንፋሼ ግን ዛሬ አይታዘዝም፣ እንደ ፈራ በግ ይዘላል፤ ማጅራቴን አጠብኩ፣ ፊቴን ነከርኩ፣ በጥፊ ተመታሁ፣ አለፈ። አለፈ፣ አለፈ እያልኩ ጀመርኩ። ከስር ጥቁር ነው። ጥቁሩን አልይ ብዬ ዐይኔን ብጨፍን ጥቁሩ ዐይኔ ውስጥ ነው። የሆነ ሣር እግሬን ነካኝ፣ ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ሣር ነው፣ ሣር ነው፤ ሰው እግሩን የሚይዘው ሣር ነው እንጂ ሌላ ምን ይኖራል እዚህ? አንድ እጅ፣ ሌላው እጅ፣ ትንፋሽ ወደ ጀልባው፣ አንድ እጅ፣ ሌላው እጅ። የጥርስ ነቃዩ ቀዘፋ ይታየኛል፣ ይጠፋል፣ ይታየኛል። ጣቶቼ ተለያዩ፤ ትንሿ ጣቴ ከሌሎቹ ሸሽታ ብቻዋን ቆማለች፣ ልጠራት ብሞክር አትሰማኝም። መንጋጋዬ ከበደኝ። እዚያ ማዶ ነጩ ታንከር ቆሟል፤ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው ይመስላል። እማዬ ስትታመም እንደዚህ ነው የምትቀመጠው፣ አልጋ ላይ አትተኛም፣ ወንበር ላይ ተከናንባ ግድግዳውን ትይዛለች፤ ታዲያ ተኝታለች የሚሉኝ ምን ሆና ነው? መቼ ነው እሷ በቀን ተኝታ የምታውቀው? አንድ እጅ። ሌላው እጅ። የቱ ነው ሌላው? እንቀጠቀጥ ነበር፣ አሁን አልንቀጠቀጥም፣ ለመድኩት ማለት ነው፣ ጎበዝ ነኝ። ይሞቃል እንዲያውም። እንፋሎቱ ነው፤ ከማዶ ያለችው ሴት አንሶላውን ይዛልኛለች፣ ውጥር አድርገን ይዘነዋል፣ አንሶላው ሰፊ ነው፣ ግራጫ ነው፣ ጫፍ የለውም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሞቋል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ እማዬ አጠገቤ ናት፣ ትከሻዋ ላይ ጋደም ብያለሁ፣ ልጅ ይዣለሁ ትላለች ለሰዎቹ፣ ዝጉት። ዘጉት። ማንም አይከፍተውም። አሁን እተኛለሁ፣ ጠዋት እምቢ ያለኝ እንቅልፍ ይኸው እዚህ ነበር።

የሆነ ሰው ይጠራል። ጀልባው አፍንጫዬ ሥር ነው። ‹‹ጥያቄው!›› ይላል ጥርስ ነቃዩ። ‹‹እናትሽ መጨረሻ ላይ ምን አለችሽ?›› ቀላል ነው። መለስኩለት። እንደገና ጠየቀኝ፤ ሰውዬው ደንቁሯል እንዴ? መለስኩለት። አበቃ፣ ውጪ ለማለት ፊሽካውን ሲነፋ ተናደድኩ፣ በትክክል መልሼ ሳለሁ፣ ለምን? ጎንበስ ብሎ ክንዴን ያዘ፤ ላስለቅቅ ብል እጄ የእኔ አይደለም። የጀልባውን ጭራ አስያዘኝ፣ የያዝኩት እኔ ልሁን ጣቶቼ ደርቀው ይሁን አላውቅም፣ ጎተተኝ። ‹‹ሰዓቴ አልሞላም›› እላለሁ፣ ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ ጨርቅ ይገለባበጣል፤ ‹‹ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እኮ።››

የእንጨት አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። ፎጣውን አልብሶኝ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ርጥቡን እስካወልቅ ጠበቀኝ፤ ከዚያ መጀመሪያ ከላይ፣ ሹራቡን፣ ጃኬቱን አለበሰኝ፣ ዚፑን እስከ አገጬ ሳበው፤ የራሱን የሱፍ ኮፍያ አውልቆ ጭንቅላቴ ላይ አጠለቀ፣ ጆሮዬ ድረስ አወረደው። መንቀጥቀጡ አሁን መጣ፤ አግዳሚው አብሮኝ ይንቀጠቀጣል፤ ‹‹ይምጣ፣ ጥሩ ነው›› ይላል። የፔርሙዙን ክዳን ለብ ባለ ውሃ ሞልቶ ከንፈሬ ላይ ያዘልኝ፣ እንደ ሕፃን አጠጣኝ። ቃል ማውጣት ስችል ‹‹መልሼልሃለሁ›› አልኩት። ‹‹መልሰሻል።›› ‹‹ጆሮሽን ሸፍኚ ብያለሁ።›› ራሱን ነቀነቀ። ‹‹እናትሽ መጨረሻ ላይ ምን አለችሽ ስልሽ፣ ደህና ናት፣ ተኝታለች አልሽኝ። ሁለቴ።›› ክዳኑን መልሶ ሞላው። ምን እንዳለኝ አያውቅም። እኔ ግን ዐወቅሁ፣ ሐይቁ ውስጥ ካገኘኝ ብርድ የበለጠ ብርድ ከውስጤ ተነሳ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ብርዱ አወጣው። ይህ ሰው ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ቢሆን ደህና ብዬው፣ አምኖኝ፣ አሁን ከውሃው ስር ነበርኩ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እህቴን የጠየቅኋት ደህና ናት ወይ ብዬ ነው። ሌላ ነገር ጠይቄያት አላውቅም። ሆን ብዬ ነው ያልጠየቅኋት።

‹‹ስልኬን›› አልኩት። ከቦርሳዬ አወጣልኝ። ጣቶቼ አይሰበሰቡም፤ በአንጓዬ የእህቴን ስም ጠቆምኩት፣ ይህችን፤ ፊደሉን አያነበውም፣ ጣቱን እኔ ያሳየሁት ላይ ጫነና ከኮፍያው በላይ ጆሮዬ ላይ አስደገፈልኝ፣ በሁለት መዳፌ ያዝኩት። ጠራ። ‹‹አልተኛሽም እንዴ?›› አለች እህቴ፤ በሱፉ ውስጥ ሲመጣ ድምጿ የሩቅ ነው። ‹‹እማዬ መጨረሻ ላይ ምን አለችሽ?›› አልኳት። ‹‹እ?›› ‹‹እማዬ። መጨረሻ ላይ። ምን ብላ ተናገረችሽ?›› ደህና ናት ልትል አፏን ስትከፍት ሰማኋት፤ አልሆነላትም፣ ለዚህ ጥያቄ አይሆንም። ከኋላዋ ምንም የለም፣ አምጪው የሚል የለም፣ አንዲት ወፍ ብቻ ትጮኻለች፣ ጓሯችን ውስጥ ያለችው። ከዚያ እህቴ፣ በሕይወቷ እየጮኸች የምትናገረው እህቴ፣ ቀስ ብላ፣ ‹‹አጠገብሽ ማን አለ?›› አለችኝ።

ጥርስ ነቃዩ ተንበርክኮ የጫማዬን ክር እያሰረልኝ ነው። ኮፍያውን ለእኔ ሰጥቶ ነጭ ፀጉሩ በነፋሱ ቆሟል። ማንም የለም ማለት እችላለሁ። ሁለት ቃል ናት፣ አፌ ላይ ተዘጋጅታለች፤ ማንም የለም ካልኳት እህቴ ትተነፍሳለች፣ እማዬ ተኝታለች ትለኛለች፣ እኔም ቤቴ ገብቼ መጋረጃዬን እቆነጥጣለሁ፣ ነገም እንደውላለን። የአንዱን ጫማ ክር አስሮ ወደ ሌላው ዞረ፤ ቀና ብሎ አየኝ፣ ደህና ነሽ ወይ አላለኝም፣ እግሬን በእጁ እንደያዘ ቆየ። እፈራለሁ፣ እማዬ። እየተንቀጠቀጥኩ ነው፣ ግን ተቀምጫለሁ።

‹‹ሰው አለ›› አልኳት፣ ኮፍያውንም ከጆሮዬ ላይ ገለጥኩት።